ባደረበት ሕመም

«ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።» ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። በሬዲዮ ሰምተነዋል። ፌስቡክ ላይ ከሟች ፎቶ ሥር አንብበነዋል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ አንገታችንን ደፍተን አዳምጠነዋል። የተወለደበት ቀን ይነገራል። የተማረበት ትምህርት ቤት ይነገራል። የሥራ ባልደረቦቹ እንዴት ይወዱት እንደነበር ይነገራል። የገደለው ነገር ግን አይነገርም።

ነውር የለውም። ሐዘንተኛ ቤተሰብ የሐኪም ሪፖርት ለሕዝብ የማንበብ ዕዳ የለበትም። ለቀስተኛውም ቢሆን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «በምን ሞተ?» ብሎ ጮክ ብሎ አይጠይቅም። በጆሮ ነው የሚጠየቀው። መልሱም በጆሮ ይመጣል። «ጉበት ነው አሉ።» «ግፊት ሳይሆን አይቀርም።» «ኧረ ቆይቶበታል፣ ዝም ብሎ ነው እንጂ።»

ችግሩ ይህ ሹክሹክታ ከድንኳኑ ወጥቶ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ነው።

ነገሩ የሚከነክነኝ በሥራ ምክንያት ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አንድ የጤና ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቼ ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሰው የሞተበት ቤት፣ ለቅሶው ተነስቶ ትንሽ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ትሄዳለህ። ፎርምህን ትዘረጋለህ። ሟቹ በመጨረሻዎቹ ወራት ምን ይሰማው እንደነበር ቤተሰቡን ትጠይቃለህ። ሳል ነበረው? ስንት ጊዜ ቆየ? ክብደት ቀንሶ ነበር? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር? ከዚያ መልሱን ሐኪሞች ወይም አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አይተው «የሞተው በዚህ ሳይሆን አይቀርም» ይላሉ። ሰዉ የሚሞተው ቤቱ በሆነበት፣ የአስከሬን ምርመራም በአብዛኛው የሚደረገው ፖሊስ ሲጠይቅ ብቻ በሆነበት አገር ከዚህ የተሻለ መንገድ ብዙም የለም። ዓለም ላይ ብዙ አገሮች ይጠቀሙበታል። እኔም አልንቀውም። ግን የት ላይ እንደሚያነክስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያን ለማሳየት አንድ በሽታ ልምረጥ። የዘር ፍሬ ካንሰር። በተለምዶ ቋንቋ የቆለጥ ካንሰር። የመረጥኩት ብዙ ሰው ስለሚገድል አይደለም። በተቃራኒው ነው። ዛሬ ማንንም መግደል የሌለበት ካንሰር ቢኖር እሱ ስለሆነ ነው።

ካንሰር ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ሽማግሌ ነው። ይኼኛው ግን የወጣት ነው። ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ከሚታዩት እብጠት ሠሪ ካንሰሮች በብዙ አገሮች ቀዳሚው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ወገን ላይ በሚታይ ጠንከር ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማያም እብጠት ነው። የማያም መሆኑ ነው ተንኮሉ። ያላመመውን ነገር ይዞ ሐኪም ቤት የሚሰለፍ ወጣት የት አለ?

እስከ 1970ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ይህ ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ ነገሩ አለቀ ማለት ነበር። የሚድነው ከአሥር አንድ ያህል ነው። ታሪኩን የለወጠው አንድ ድንገተኛ ነገር ነው። በ1965 ባርኔት ሮዘንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሚሺጋን ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይሞክር ነበር። ባክቴሪያዎቹ መባዛት አቁመው ዝም ብለው መርዘም ጀመሩ። ሲጣራ ጉዱ የኤሌክትሪኩ አይደለም። ከፕላቲነም ሽቦው እየሟሟ የወጣው ውህድ ነው። ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት የመጣው ከዚያ ነው። በ1974 ላሪ አይንሆርን የተባለ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ወጣት ሐኪም ይህንኑ ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር አቀናጅቶ የተሰራጨ የዘር ፍሬ ካንሰር ላለባቸው ወጣቶች መስጠት ጀመረ። ከአሥሩ አንድ ይድን የነበረው ወደ ስምንት ተጠጋ። በ1996 ካንሰሩ ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ደርሶበት የነበረው ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ የታከመው እዚያው ኢንዲያና ነው። ስለ ሰውየው በኋላ የተሰማው ሌላ ነገር ነው፤ መዳኑ ግን ድኗል።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ወንድ ይህ በሽታ ይገኝበታል። የሚሞተው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በዓለም ደረጃ ለ2022 የተገመተው ወደ 72 ሺህ አዲስ ታማሚና ወደ 9 ሺህ ሟች ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ከበሽታው መዳን የሚቻል ስለሆነ ሞቱ ራሱ መለኪያ ሆኗል። ከ1976 ጀምሮ የሕዝብ ጤና ሰዎች «ጥሩ ሕክምና ቢኖር ኖሮ መከሰት ያልነበረበት ሞት» የሚሉት ዝርዝር አላቸው። ኤለን ኖልቴና ማርቲን ማኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ባዘጋጁት፣ ብዙ አገሮች በሚጠቀሙበት ዝርዝር ውስጥ የዘር ፍሬ ካንሰር አለበት። ከ75 ዓመት በታች የሆነ ሰው በዚህ ከሞተ ጥፋቱ የሕክምናው ሥርዓት ነው ተብሎ ይቆጠራል። በምሥራቅ አውሮፓ የሞቱ ቁጥር ከምዕራቡ ዘግይቶ መቀነሱ የታወቀውና መነጋገሪያ የሆነው በዚህ ዓይነት ቆጠራ ነው። መድኃኒቱ የት እንደደረሰ፣ የት እንዳልደረሰ ሞቱ ነገራቸው።

አሁን አንድ አገር አስቡ። ወጣቶቹ በዚህ በሽታ ይሞታሉ እንበል። ግን አንድም ሰው «በዘር ፍሬ ካንሰር ሞተ» ተብሎ አይጻፍም። ያ አገር በዚህ መለኪያ ከስዊዘርላንድ ይበልጣል። ዜሮ ሞት! ሰርተፊኬት ይገባዋል።

የእኛን ቁጥር ሳይ ሁልጊዜ ይኼ ነው የሚመጣብኝ። ሊዮን፣ ፈረንሳይ ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለየአገሩ ግምት ያወጣል። ኢትዮጵያም አለችበት። አዲስ በካንሰር የሚያዙትን በተመለከተ አዲስ አበባ ላይ የቆመ ነገር አለ። ከ2011 ጀምሮ ጥቁር አንበሳ ውስጥ የከተማዋ የካንሰር መዝገብ ይሠራል። ሞቱ ግን? የሞት ምክንያት በወጉ በማይመዘገብበት አገር ሟቾቹ ተቆጥረው አይደለም ቁጥሩ የሚወጣው። «ይህን ያህል ሰው ታሟል፤ በእንዲህ ያለ የኑሮ ደረጃ ይህን ያህሉ አይድንም» ተብሎ ይሰላል። ስሌቱ መጥፎ አይደለም። ሌላ ምን ይደረግ? ግን ሰንጠረዡ ላይ «ሞት» ከሚለው ቃል ሥር ያለው ቁጥር አንድም አስከሬን አላየም።

ከመጋነን ልጠንቀቅ። ይህ ካንሰር አፍሪካውያን ላይ በእርግጥም ያንሳል። የዓለም ከፍተኛው ቁጥር ያለው ኖርዌይና ዴንማርክ አካባቢ ነው። ምዝገባው በማያጠያይቅበት አሜሪካ ውስጥ እንኳ ጥቁር ወንዶች ከነጮቹ በብዙ እጥፍ ባነሰ መጠን ነው የሚያዙት። ስለዚህ የእኛ ቁጥር ትንሽ መሆኑ ሁሉም የመደበቅ ውጤት አይደለም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ከዚህ ትንሽነት ምን ያህሉ እውነተኛ፣ ምን ያህሉ የመዝገብ ባዶነት እንደሆነ መለየት አንችልም። ብርቅ በሽታ ደግሞ ከምንም በላይ የሚጎዳው በዚህ ነው። ግፊት ያለበት አንድ መቶ ሰው በስህተት ቢጻፍ ብዙ አይቀየርም። በዓመት ጥቂት ሰው በሚገድል በሽታ ግን አሥር ሰው በስህተት ሌላ መዝገብ ውስጥ ቢገባ በሽታው ራሱ ጠፋ ማለት ነው።

መጥፋቱ ደግሞ ለዚህ በሽታ ቀላል ነው። ከዘር ፍሬው ተነስቶ መጀመሪያ የሚሄደው ሆድ ውስጥ ከጀርባ በኩል ወዳሉት ንፍፊቶች ነው። ሰውየው የሚሰማው ወገብ ነው። ቀጥሎ ሳንባ። የሚሰማው ሳል ነው። የሚከሳ፣ የሚያስል፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ጤና ጣቢያ ሲመጣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢ ነው። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው። አንዳንዴ በደም ውስጥ ኤኤፍፒ የሚባለው ምልክት ከፍ ይላል። ይኸው ምልክት በጉበት ካንሰርም ይጨምራል። ከዚህም የባሰ አለ። ዘር ፍሬው ላይ የጀመረው እብጠት አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ከስሞ ጠባሳ ብቻ ይተዋል፤ ከሱ የተሰራጩት እብጠቶች ግን ሆድና ደረት ውስጥ ያድጋሉ። (በነገራችን ላይ አንዳንዱ ዓይነት የእርግዝና ሆርሞን ስለሚያመነጭ ወንዱ ላይ የእርግዝና ምርመራ ቢደረግ «አርግዘሃል» ሊል ይችላል። እንደ መመርመሪያ ግን አይታመንበትምና ፋርማሲ ሄዳችሁ እንዳትሳሳቁ።)

በደንብ የታወቀ ሰው ሲሞት እንኳ ነገሩ ይወዛገባል። ብራያን ፒኮሎ የቺካጎ ቤርስ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። በ1969 መጨረሻ አካባቢ ሳሉ አልለቅ አለው። ራጅ ሲነሳ ደረቱ ውስጥ ትልቅ እብጠት ተገኘ። ሰኔ 1970 ላይ በ26 ዓመቱ ሞተ። የሕዋሱ ዓይነት በዘር ፍሬ ላይ የሚነሳው ዓይነት ነው። ይኸው ዓይነት አልፎ አልፎ ከዘር ፍሬ ውጭ፣ ደረት ውስጥም ይነሳል። አንዱ ጽሑፍ «የዘር ፍሬ ካንሰር ነው የገደለው» ይላል፤ ሌላው «ደረቱ ውስጥ የተነሳ ነው» ይላል። የሞት ምክንያት በሚመደብበት ኮድ ስትሄድ ሁለቱ የተለያየ ሳጥን ናቸው። እንግዲህ አገር ያወቀው፣ ምርጥ ሐኪም ያየው ሰው ነው ይኼ።

የሞት ምስክር ወረቀቱ ራሱ የተሠራበት መንገድ ብልህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፎርም ላይ ሐኪሙ ከላይ ወደ ታች ይጽፋል። የመጨረሻውን የገደለው ምንድን ነው? እሱን ያመጣውስ? ያንንስ ያመጣው? የታችኛው መስመር ላይ ያለው፣ ሰንሰለቱን የጀመረው ነገር ነው ለስታቲስቲክስ የሚወሰደው። ችግሩ የደከመው ተረኛ ሐኪም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የላይኛውን መስመር ሞልቶ ማቆሙ ነው። «ልብ ቆመ።» የማን ልብ ሳይቆም የሞተ አለ? የበሽታ ጫና የሚያሰሉት ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን «ቆሻሻ ኮድ» ይሉታል። ስድብ ይመስላል፤ ግን ደህና አድርገው ነው የሰየሙት።

ወደ ሥራዬ ልመለስና አንድ ቤት ላስገባችሁ።

ጠባብ ግቢ ነው። እናትየው ጥቁር ነጠላቸውን እንደለበሱ ናቸው። ልጃቸው በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ነበር። ከአጠገባቸው የልጁ ጓደኛ ተቀምጧል፤ ቡናውን እሱ ነው የሚያቀብለው። ጥያቄውን እየጠየቅኩ ነው። ወገቡን ያመው ነበር? «አዎ፣ እሱ ነው የጀመረው። ሸክም ነው ብለን።» ሳል? «በኋላ መጣ። የሳንባ መድኃኒትም ጀምሮ ነበር። አልተሻለውም።» ፎርሙ ወደ እብጠት ደረሰ። አንገቱ ላይ? «የለም።» ብብቱ ውስጥ? «የለም።»

«እማማ፣ ብሽሽቱ ላይስ እብጠት ነበረው?»

«ኧረ ልጄ! ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኮ ራሱ ነው የሚታጠበው። እኔ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ጓደኛው ሲኒውን አስቀምጦ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ፎርሙ ላይ «አላውቅም» የሚለውን አከበብኩ። ደግሞ ልብ በሉ፤ ጥያቄው ብሽሽት ነው የሚለው። ከዚያ ዝቅ አይልም። ፎርሙም እንደኛው ያፍራል።

ስወጣ ጓደኛው በር ድረስ ሸኘኝ። «እብጠት ነበረው» አለኝ። «ግራው ላይ። ሳሎን አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው፣ ነግሮኛል። ኳስ ስንጫወት ተመትቼ ነው ይል ነበር።» ለሐኪም ነግሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሐኪሟ ሴት ነበረች» አለኝ። ይህንኑ ነው ያለው፤ ሌላ አልጨመረም።

የሰማሁትን ፎርሙ መጨረሻ ላይ ባለው የትረካ ቦታ ላይ ጻፍኩት። ሐኪም የሚያነበው ከሆነ ዓይኑን ይጥልበት ይሆናል። በዚህ ሥራ ላይ ከሚውሉት ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ግን ትረካውን አያነቡም። «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «አላውቅም» ነው የሚቆጥሩት። ቢያነቡትም የሚመድቡበት የዓለም ጤና ድርጅት የቃለ መጠይቅ ዝርዝር ለዘር ፍሬ ካንሰር የራሱ መስመር የለውም። ከማህፀንና ከፕሮስቴት ጋር «የመራቢያ አካላት ካንሰር» በሚል አንድ ላይ ይገባል። ያ ልጅ የሞተው በምን እንደሆነ ምዬ አልናገርም። ሳል፣ መክሳት፣ የሳንባ መድኃኒት፣ እብጠት «አላውቅም»። ይህን ይዞ የሚመጣው መልስ ምን እንደሚሆን ግን ለመገመት ፕሮግራም አያስፈልግም።

ማፈሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ጆን ግራውንት የሚባል ነጋዴ በ1662 የከተማዋን የሞት መዝገብ ቆጥሮ አሳተመ። ዘመናዊው ስታቲስቲክስ ከሱ ይጀምራል ይባላል። በዚያን ጊዜ ሬሳ አይተው «በዚህ ነው የሞተው» የሚሉት «ፈላጊዎች» የሚባሉ አሮጊቶች ነበሩ። ግራውንት ቂጥኝ የገደለው ሰው መዝገቡ ላይ ለምን እንዲህ እንደሚያንስ ገረመው። ምክንያቱንም ጻፈ። አሮጊቶቹ አንድ ኩባያ ጠላና በእጥፍ የተከፈለ ጉርሻ ሲቀበሉ በሽታውን ሌላ ስም ይሰጡት ነበር። በትክክለኛ ስሙ የሚመዘገበው አፍንጫው የወደቀና ሰው የጠላው ብቻ ነው።

ከዚያ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2001፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ተደረገ፤ ያውም በብልሃት። የሞት ምዝገባ ስላልነበረ ተመራማሪዎች የከተማዋ መቃብር ቦታዎች ላይ መዝጋቢ አስቀመጡ። የቀባሪ ቤተሰብ ይጠየቃል፤ መልሱ ይጻፋል። ኤድስ የሚጨርሰን ዘመን ነው። «ኤድስ ነው» ብሎ የሚናገር ግን ከስንት አንድ። «ሳንባ» ነው የሚባለው። «ቲቢ» ነው የሚባለው። ተመራማሪዎቹ ግን መዋሸታችሁ ነው ብለው አልተጣሉም። የሰዉን አነጋገር ከሌላ ማስረጃ ጋር አስተያዩና የትኛው ስም የትኛውን በሽታ እንደሚሸፍን አጠኑ። ከዚያ በዚያው መዝገብ፣ በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ የኤድስ ሞት እንዴት እንደወረደ ማየት ቻሉ። በጣም የማደንቀው ሥራ ነው። ግን ይህ የሚሠራው በሽታው በሺህ ሲገድል ነው። በዓመት ጥቂት ወጣት ለሚወስድ ካንሰር «ሳንባ» ከሚለው ሽፋን ሥር ፈልቅቆ የሚያወጣው የለም።

ስህተቱ በሌላ አቅጣጫም ይሄዳል። ከስልሳ ዓመት በላይ በሆነ ወንድ ዘር ፍሬ ላይ የሚነሳው ካንሰር በብዛት ሊምፎማ ነው፤ ሌላ በሽታ። በግዴለሽነት ከተጻፈ የማይገባው ቁጥር ውስጥ ይገባል። በወጣትነቱ ድኖ፣ ሲስፕላቲኑና ጨረሩ ልቡን ጎድቶት ከሃያ ዓመት በኋላ በልብ ሕመም የሚሞትም አለ። እሱስ የማን ነው? መዝገቡ ልብ ይላል። ምናልባት ልክ ነው።

እኛ ጋ ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት እንዲመዘገብ ያዛል፤ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ምዝገባው በአገር ደረጃ ተጀምሯል (እነዚህ ሁለቱ ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። ወሳኝ ኩነት ቢሮ የሚኬደው ግን ውርስ ሲመጣ፣ ጡረታ ሲጠየቅ፣ የባንክ ደብተር ሲቆለፍ ነው። ውርስ የሌለው የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ለምን ብሎ ይመዘገባል?

እናም ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ፤ ሁለቱም ለወንዶች ነው። ገላችሁን ስትታጠቡ አንዱ ወገን ጠጠር ያለ፣ ያበጠ ወይም የከበደ ከመሰላችሁ «ቡአ ነው»፣ «ኳስ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። መጀመሪያ የሚፈለገው ምርመራ አልትራሳውንድ ነው፤ አያምም። አንዱ ዘር ፍሬ ቢወጣ እንኳ ጤነኛው ሌላኛው አብዛኛውን ጊዜ ለመውለድም ለሌላውም ይበቃል። ሐኪሟ ሴት ከሆነች ደግሞ እሷ ያንን አካል በትምህርቷ ከእናንተ በላይ አውቃዋለች።

ሁለተኛው፣ አንድ ቀን ፎርም የያዘ ሰው ሰፈራችሁ መጥቶ ስለሞተ ጓደኛችሁ ከጠየቀ፣ እናትየው ሲመልሱ አንገት ደፍቶ ሲኒ መቁጠር አያዋጣም። እዚያው ሳሎን ውስጥ ካፈራችሁ በር ላይ አስቀሩት። ግን ለፎርሙ ብቻ ሳይሆን ለተቆጣጣሪውም እንዲነገር ጠይቁት፤ ትረካውን ሰው እንዲያነበው።